የአውራ ዶሮ ላባ ለዓሣ ማጥመጃ ስለ መሆኑ

ከጎንደር በስተምዕራብ፥ በመተማ መንገድ ላይ በምትገኘው በአይከል፥ እንደ ሌላው የአገሩ ገበያ ሁሉ፥ አውራ ዶሮ ሲገዛ የላባው መልክ ይታያል፤ ቀይ፥ ነጭ፥ ገብስማ እየተባለ ይመረጣል። ዶሮው ከታረደ በኋላ ግን ላባው ይጣላል። ይህ የሚጣለው ላባ በውጭ አገር ገዢ ያለው ዕቃ መሆኑን፥ ገዢውም የሚፈልገው ምን ዓይነቱን እንደ ሆነ ነጋዴው ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በትል ፈንታ ላባ የታሰረበት መንጠቆ ይጠቀማሉ። ይህ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ ስለ ተለቀቀ፥ በአገራችንም በባሌ ተራሮች ወንዞች ይገኛል። ትልቁ ትራውት ታናናሽ ዓሦችን ስለሚበላ፥ ስትሪመር የተባለው መንጠቆ ትንሽ ዓሣ መስሎ ይሠራል። በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀው አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ካሪ ስቲቨንስ ሙያቸው የሴቶች ባርኔጣ መሥራት ነበረ። እ. ኤ. አ. በ1924 በሜይን ግዛት፥ ራሳቸው ባሰሩት መንጠቆ ከ3 ኪሎ የሚበልጥ ዓሣ ያዙ፤ ከዚያም በኋላ መንጠቆ እያሰሩ መሸጥን ንግዳቸው አደረጉት።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይያዛል፤ አገዳው በክር፥ ቀጥሎም በሐር ይጠቀለላል፤ በላዩ ቀጭን የብር መልክ ያለው ክር እየተራራቀ ይዞርበታል። ከዚያ በኋላ ከአውራ ዶሮ አንገት አራት ላባዎች ይመረጣሉ፤ ሁለቱ ወደ ቀኝ፥ ሁለቱ ወደ ግራ የጎበጡ ናቸው። ከሥራቸው ያለው ለስላሳ ጉንጉን ይነጫል፤ የውስጥ ገጻቸው ፊት ለፊት ሆኖ፥ ጫፋቸው ከመንጠቆው ጉብጠት ጥቂት አልፎ፥ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ ይታሰራሉ። በመጨረሻ ራሱ በክር ተጠቅልሎ ቫርኒሽ ይቀባል። ላባዎቹ እኩል ካልሆኑ መንጠቆው በውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ዓሣውም ይሸሻል።

እንግዲህ የገዢው ፍላጎት ከዚህ ይታወቃል። በፈላ ውሃ ተነክሮ የተነጨ ላባ ቀኙና ግራው ስለሚደባለቅና ስለሚጣመም፥ ጥንድ ለማግኘት ያስቸግራል። የሚፈለገው ላባው ሳይነቀል የተገፈፈ የአንገት ቆዳ ነው፤ ስቡ ተፍቆ፥ ተወጥሮ በጥላ ይደርቃል፤ ከብልም ይጠበቃል። ጥቁርና ነጭ መስመሩ የተለየ ገብስማ በተለይ ይወደዳል።

ላኪው ከመግዛቱ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ ተቀባዩ አገር የሚጠይቀውን የእንስሳት ጤና የምስክር ወረቀት፤ ሁለተኛ፥ የዱር አእዋፍ ላባ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ያለበት ስለ ሆነ፥ ከዶሮው ላባ ጋር እንዳይቀላቀል። ጎረቤታችን ኬንያ በእጅ የታሰረውን መንጠቆ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ትልካለች፤ የድካሙም ዋጋ በአገሯ ይቀራል። የአይከልም ነጋዴ ጥቂት ንጹሕ ናሙና አዘጋጅቶ ዋጋ ቢጠይቅ የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ብዙ ላባ ሰብስቦ ገዢ ቢያጣ ግን ኪሳራው የራሱ ነው።