የአፕልን ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ

ፔኔትሮሜትር፣ ማለትም የፍራፍሬ ጥንካሬ መለኪያ፣ የተለቀመ አፕል ሥጋው ምን ያህል ጠጣር እንደሆነ በቁጥር የሚገልጽ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕናና ከሻሸመኔ የሚመጡ መንገዶች በሚገናኙባት በወላይታ ሶዶ የዚህ መሣሪያ ጠቀሜታ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም በጋሞ ደጋ በጨንቻ የሚመረተው አፕል በአርባ ምንጭ በኩል ወደ መሀል አገር ሲጓዝ በዚህች ከተማ ያልፋል፤ የወላይታ አቮካዶና ማንጎም ከማሳ ወደ ገበያ የሚሄዱት በእነዚሁ መንገዶች ነው።

አፕል ከዛፉ ከተለየ በኋላም ይተነፍሳል፤ ኤቲሊን የተባለ የማብሰያ ጋዝም ያመነጫል። በዚህ ሂደት የሥጋውን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያጣብቀው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ስለሚፈርስ፣ ሲገመጥ ይንኮሻኮሽ የነበረው ፍሬ ልስልስና ዱቄታም ይሆናል። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ቅዝቃዜ ለውጡን ቢያዘገየውም ፈጽሞ አያቆመውም፤ ስለዚህ በመጋዘን የተቀመጠ አፕል በየጊዜው መፈተሽ ይኖርበታል። በጣት ተጭኖ መገመት የተለመደ ቢሆንም፣ የጣት ግምት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ፍሬውንም ያበልዘዋል።

ይህን ግምት በልኬት ለመተካት ማግነስና ቴይለር የተባሉ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ1925 እ.ኤ.አ. የተሻሻለ መለኪያ አስተዋወቁ፤ ዛሬ የሚሠራባቸው የእጅ መለኪያዎችም የዚያ ተከታዮች ናቸው። መሣሪያው በውስጡ ሞላ፣ ከፊቱ ክብ የብረት ጫፍ፣ ከላዩ ኃይሉን በኪሎ ግራም የሚያሳይ ባለ ቀስት ገበታ አለው። ለአፕል የሚገጠመው ጫፍ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ለአቮካዶና ለማንጎ የሚመረጠው 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለተኛው የፊት ገጽ የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንዱ ጫፍ የተገኘ ቁጥር በሌላው ከተገኘው ጋር አይነጻጸርም።

ለኪው በአፕሉ ወገብ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቦታዎችን መርጦ ልጣጩን በስሱ ያነሣል፤ ፍሬውን በጠንካራ ነገር ላይ አስደግፎም ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ በላዩ ካለው ምልክት እስኪደርስ ድረስ፣ ሳይገፈትር በ2 ሰከንድ ገደማ በእኩል ፍጥነት ይጫናል። በፍጥነት ከተጫነ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ፍሬም ከሞቀው ይልቅ ጠንክሮ ስለሚታይ፣ ናሙናዎቹ ሁሉ በተመሳሳይ ሙቀት መለካት አለባቸው። ብዙ የአፕል ዝርያዎች ለማከማቻ ሲለቀሙ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ግራም ያህል የሚያስመዘግቡ ሲሆን፣ ቁጥሩ ወደ 5 ሲወርድ ፍሬው ሳይውል ሳያድር ሊሸጥ ይገባል።

የተወጋ ፍሬ ለሽያጭ ስለማይበቃ የሚለካው ከክምችቱ የተወሰደ ናሙና ብቻ ነው፤ ናሙናውም ከሣጥኑ ላይኛው ድርድር ብቻ ሳይሆን ከመሀሉና ከሥሩ ጭምር መወሰድ ይኖርበታል። መሣሪያው ራሱ ልኩን መጠበቁን ለማረጋገጥ ጫፉን ቁልቁል በሚዛን ላይ ተጭኖ ሁለቱን ንባቦች ማስተያየት ይበቃል።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ሲሟሉ መሣሪያው ለገበሬው የለቀማውን ጊዜ፣ ለመጋዘን ኃላፊው የትኛው ክምችት ቀድሞ መውጣት እንዳለበት፣ ለነጋዴው ደግሞ ፍሬው ረጅም ጉዞ መቻል አለመቻሉን ያመለክታል፤ በሻጭና በገዢ መካከል የሚነሣውን የጥራት ክርክርም ሁለቱም ሊያዩት በሚችሉት ቁጥር ላይ እንዲመሠረት ስለሚያደርግ፣ ዓመት ሙሉ የደከመ አምራች በሌላ ሰው የጣት ግምት ብቻ ዋጋ እንዳይቆረጥለት ይረዳል።