ወንድነት በእንባ ታጥቦ ይሄዳል?

ድንኳኑ የተተከለው ከቤታችን ሦስተኛው ግቢ ነበር። ጎረቤታችን ድንገት ሞተ፤ የመጨረሻ ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጁ «አባዬ» እያለ ሲንሰቀሰቅ የሟች ታናሽ ወንድም ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። «ዝም በል! ወንድ ልጅ አያለቅስም። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት አባወራ አንተ ነህ» አለው። ልጁ የሹራቡን እጅጌ ነክሶ ዝም አለ። አንድ ሰዓት ቆይቶ አስከሬኑ ሲወጣ ያው አጎት «ወንድሜ! ጋሻዬ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ድንኳኑ ተናወጠ። ዝም በል ያለው የለም፤ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙት እንጂ።

ልጁ በሳምንቱ ትምህርት ቤት መደባደብ ጀመረ። ማታ ማታ አልጋው ይርሳል፣ እናቱ ብታናግረው አይመልስም። ሁሉንም ያመጣው ያ ንግግር ነው አልልም፤ አባት ማጣት ብቻውን ይበቃል። ነገር ግን ሐዘኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲደፍኑበት ቆሜ አይቻለሁ።

አባባሉ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ጅብ ሲጮህ በረት የሚጠብቅ እረኛ ቢርበተበት ከብቱም እሱም አያድሩም። ሐዘን ቤትም ቢሆን መቃብር የሚያስቆፍር፣ ዕድር የሚጠራ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ የጠና ሰው ይፈልጋል። መቻል ትልቅ ነገር ነው። የማይገባኝ መቻልን ለወንድ፣ ማልቀስን ለሴት አከፋፍለን ስናበቃ ሸክሙን የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ላይ መጫናችን ነው። ሴቶቹስ አይችሉም እንዴ? ያን ሁሉ ለቀስተኛ ሦስት ቀን ሙሉ ያበሉት እንባቸውን እየጠረጉ ነው።

ሕፃን ሲወለድ ወንዱም ሴቷም ያለቅሳሉ፤ የወንድና የሴት ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ነው። ሆርሞን ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በሴቶች ከፍ የሚለው ፕሮላክቲን እንባን ያቀርባል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የተረጋገጠ ግን አይደለም። ነገሩ የሆርሞን ብቻ ቢሆን ልዩነቱ በየአገሩ እኩል በሆነ ነበር። በኔዘርላንድ የቲልበርግ ዩኒቨርሲቲው አድ ቪንገርሁትስና ባልደረቦቹ ከ30 በሚበልጡ አገሮች ያሉ ሰዎችን ጠይቀው ያገኙት ግን ልዩነቱ አንዱ አገር ሲሰፋ ሌላው ዘንድ ሲጠብ ነው።

ሃይማኖት ጠቅሰው የሚከለክሉትን ደግሞ ጨርሶ ልታገሣቸው አልችልም። ዳዊት ለአቤሴሎም፣ ጌታ በአልዓዛር መቃብር አልቅሰዋል። ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ማንባታቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። ለእነሱ ያልተከለከለውን ለአንድ ሕፃን ማን ከለከለው?

«ሆድ ይፍጀው» ሆድ ይፈጃል፣ ቃል በቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲሰላ የወንዶቹ ከሴቶቹ እጥፍ ያልፋል። መጠጡ፣ ሥራ ማጣቱ፣ ሌላም ሌላም አለበት። ይሁንና «ጨንቆኛል» ማለት ውርደት ነው እየተባለ ያደገ ሰው ሐኪም ዘንድ ቢደርስም ዘግይቶ ነው።

ይህን ለልጁ አጎት አንድ ቀን ሻይ ቤት ነገርኩት። «ታዲያ ሴታሴት ይሁንልህ?» አለኝ። የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ወንድነት እንደ ወተት ነው፣ እንባ ወይም አሻንጉሊት ወይም ምጣድ ከነካው ይበላሻል የሚል ፍርሃት።

ይህን ፍርሃት የሚፈትን አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ዴቪድ ራይመር እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ከተማ ተወለደ። በስምንት ወሩ ሲገረዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሣሪያ ብልቱን አቃጠለው። ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን መኒ ልጅ እንዳሳደጉት ይሆናል ብሎ ያምን ነበርና ወላጆቹን «ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት» አላቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የዘር ፍሬውን አወጡት፤ ብሬንዳ ተባለ፣ ቀሚስ ለበሰ፣ ሲያድግ የሴት ሆርሞን ተሰጠው። መኒ ተሳካ ብሎ ጻፈ። ልጁ ግን ቀሚሱን ይጠላ፣ የመንታ ወንድሙን መጫወቻ ይቀማ ነበር። በ14 ዓመቱ እውነቱ ሲነገረው ወንድ ሆኖ መኖር ጀመረ። የደረሰበት ነገር በ1997 በአንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ እሱም በ2004፣ በ38 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። እንግዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ቀሚስ፣ ቢላዋና መድኃኒት ሊነጥቁት ያልቻሉትን ወንድነት ነው ሁለት ዘለላ እንባ ጠራርጎ የሚወስደው!

የአንድ ሰው ታሪክ ሕግ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተዘገበች ሌላ ካናዳዊት ከተመሳሳይ አደጋ በኋላ በሰባት ወሯ እንደ ሴት ማደግ ጀምራ በ26 ዓመቷም «ሴት ነኝ» ትል ነበር። ሰው በውስጡ «ወንድ ነኝ»፣ «ሴት ነኝ» የሚልበት ስሜት ምን ያህሉ ከማኅፀን፣ ምን ያህሉ ከአስተዳደግ እንደሚመጣ ሳይንስ ቆርጦ አልተናገረም፤ ቆርጦ የሚነግራችሁን ተጠራጠሩት። አብዛኛው ልጅ ግን በሁለትና በሦስት ዓመቱ መካከል ራሱን ወንድ ወይም ሴት ብሎ መጥራት ይጀምራል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ አጎቱ ሊያስታውሰው አያስፈልግም ነበር።

«ማጀት የገባ ወንድ» እያሉ ለሚያፌዙት፦ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገረው ቤተ ልሔም ውስጥ ነው፣ ጋጋሪዎቹም ዲያቆናት ናቸው። ሹሩባ የተሠራ ጎረምሳ መንገድ ላይ ሲሰደብም ሰምቻለሁ፤ ተሳዳቢው ግድግዳው ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ከነሹሩባቸው ሰቅሎ ቢሆን አይገርመኝም። ሴት ብቻ ወለድሽ ተብላ የምትወቀስ ሚስት ነገር ደግሞ አጭር ነው፦ ከእናት የሚመጣው ኤክስ ክሮሞሶም ነው፤ ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው የባል ዘር ነው። ወቃሾቹ በር ተሳስተዋል።

ለአርባው ተዝካር ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ልጁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አጎቴ ለምን አለቀሰ?»

«ወንድሙ ሞቶበት ነዋ።»

እጅጌውን እየነከሰ ትንሽ አሰበ።

«ማን ፈቀደለት?»