ቤንዚን ሲረገጥ የሚያፏጭ ስፒከር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲይዝ ሞተሩ ይጮኻል። አምፕሊፋየር ከተገጠመለት አንዳንዴ ስፒከሩም አብሮት ያፏጫል፤ ቤንዚን ሲረገጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ እግር ሲነሳ ይወርዳል። ዘፈኑ ቢዘጋም አይጠፋም። ባለቤቱ አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሽቦው የታሰረበት ቦታ ላይ ነው።

የፉጨቱ ምንጭ ዲናሞው ነው። ዲናሞ የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፤ ቢሆንም ትንሽ ሞገድ ይቀራል፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ይህ ሞገድም ይፈጥናል። ወደ ድምፁ መስመር የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቩ ነው። ቴፑ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ፣ ለየብቻ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራሉ። አንደኛው ማሰሪያ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ካረፈ በሁለቱ መካከል ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ኤሌክትሪኩ በድምፅ ገመዱ በኩል ማለፍ ይጀምራል። አምፕሊፋየሩም ፉጨቱን ከዘፈኑ ሳይለይ ያጎላዋል።

የአዲስ አበባ መኪኖች ለዚህ ችግር የሚጋለጡበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በየካ ጎዳናዎች ከሚታዩት ያገለገሉ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ናቸው። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይነሳና ለረጅም ዘመን 90 ላይ ያበቃ ነበር፤ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ የፋብሪካው ቴፕ ይነቀላል፣ ወይም ሞገድ መለወጫ ይቀጠልበታል። ሽቦ መቁረጥና መቀጠል የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የታሰረ ኔጌቲቭ ከጊዜ በኋላ ይላላል።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ሳይነሳ ቴፑ ብቻ ሲከፈት ጩኸቱ ካለ ዲናሞው ነፃ ነው። ስልክ በመኪናው ቻርጀር ላይ ሆኖ በገመድ ከቴፑ ጋር ከተገናኘ ቻርጀሩን መንቀል ብቻ ፉጨቱን ሊያጠፋው ይችላል። ካልጠፋ፣ አምፕሊፋየሩ ተዘግቶ ከቴፑ የሚመጡት ቀይና ነጭ የድምፅ ገመዶች ይነቀሉና እንደገና ይከፈታል። ያኔም ካፏጨ ችግሩ በራሱ በአምፕሊፋየሩ፣ በኃይል መስመሩ ወይም በስፒከር ሽቦዎቹ ላይ ነው። ጸጥ ካለ ደግሞ ወደ ቴፑና ወደ ድምፅ ገመዱ ይኬዳል። ከሞተሩ ዙር ጋር የማይለዋወጥ “ሽሽሽ” ሲሰማ የአምፕሊፋየሩ ማጉያ ከልክ በላይ ተከፍቷል ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚል “ጠቅ ጠቅ” ከካንዴላ መስመር ይመጣል።

ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መንገድ የሚያሽከረክር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከላይ ከተዘረጋ የ750 ቮልት መስመር ኃይል ይወስዳል፤ ባቡሩ ሽቦውን በሚነካበት ቦታ ላይ ብልጭታ ሲፈጠር ሬዲዮ ሊንጫጫ ይችላል። ከእንጦጦ ሸንተረር ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወረድም ተራራው ሞገዱን ይጋርዳል። ጩኸቱ በሬዲዮ ብቻ ተሰምቶ ከስልክ ሲጫወት ከጠፋ አምፕሊፋየሩን መክሰስ ስህተት ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ይፋቃል፣ ከግማሽ ሜትር ያልበለጠና እንደ ፖዘቲቩ የወፈረ ሽቦ በቡሎን ይጠብቃል። ፖዘቲቩ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተደርጎለት በአንድ ጎን፣ የድምፅ ገመዱ በሌላው ጎን ይሄዳሉ። ሞተሩ ተነስቶ፣ ድምፁም ተከፍቶ፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ መካከል በቴስተር ሲለካ ከ0.1 ቮልት በላይ ከታየ ማሰሪያው ገና አልተስተካከለም። ይህን ሳይሠሩ የፉጨት ማጣሪያ መግጠም አይመከርም፤ ፉጨቱ ሲደበቅ የላላው ሽቦ እየሞቀ ይቆያል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞም ካንዴላም የላቸውም። 12 ቮልቱን የሚያገኙት ከትልቁ ባትሪ በመለወጫ በኩል ነው፤ መለወጫውም የራሱን ረብሻ ያመነጫል። የኔጌቲቩ ምርመራ ለእነሱም ያው ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ከ12 ቮልቱ መስመር አልፎ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያስተላልፉትን ብርቱካናማ ኬብሎች ፈጽሞ መንካት የለበትም።