ደቦና ደመወዝ

ሰውን ለሥራ የሚያተጋው ምንድር ነው? ጊች ነዋሪዎቿ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እስኪዛወሩ ድረስ የገብስ አገር ነበረች። በደጋው ልማድ ለአጨዳ ደቦ የጠራ ባለእርሻ እንጀራና ጠላ ያቀርባል እንጂ ገንዘብ አይከፍልም፤ አጫጁም ከባልንጀራው ላለማነስ እየዘፈነ ይውላል። በአሜሪካም በሆቶርን ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የመረመሩ ሊቃውንት ሠራተኛን ከገንዘብ ሌላ የጓደኞቹ ኅብረትና የአለቃው አያያዝ እንደሚያተጋው ጽፈዋል፤ ምርመራው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም።

ይህን የሰማች እመቤት ግን ምስጋና የደመወዝ ምትክ ይሆናል ብላ እንዳታስብ እንለምናለን። ደቦ ብድር አለበት፤ ዛሬ የታጨደለት ነገ ማጭዱን ይዞ ለጎረቤቱ ይወጣል። ለቤት ሠራተኛዋ ግን እመቤቲቱ በተራዋ ውኃ አትቀዳላትም። በችሎት ደጃፍ የምንሰማውም አቤቱታ አብዛኛው ስለ ሥራው ክብደት አይደለም፤ ወሩ አልቆ ስላልተከፈለ ገንዘብ ነው።