የምድጃው በርና የቤቱ በር
የሸክላ ከሰል ምድጃን እሳት ስለ ማቀጣጠል፣ ሙቀቱን ስለ መግዛትና ከአደጋው ስለ መጠበቅ

በጎንደር ከተማ፣ እንዲሁም በዳባትና በደባርቅ መንገድ ባሉ የደጋ ከተሞች የከሰል ምድጃ የብዙ ቤት የዕለት ዕቃ ነው። ቡናው የሚቆላው፣ ወጡ የሚንተከተከው፣ በውርጭ ወራት እጅና እግር የሚሞቀው በከሰል ፍም ነው። በቤተ ክርስቲያንም ለጽናው የሚሆነው ፍም፣ ለሰንበቴና ለንግሥ በዓል የሚዘጋጀው ማዕድ ያለ ከሰል የሚሆን አይደለም። ይሁን እንጂ የከሰልን ጠባይ ጠንቅቆ ባለማወቅ ሁለት ጉዳቶች ይደርሳሉ። አንደኛው የገንዘብና የደን ብክነት ሲሆን ሁለተኛው የሰው ሕይወት መጥፋት ነው። ሁለቱም በአንድ ነገር፣ ማለትም በአየር አጠቃቀም ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው በዚህ ጽሑፍ አንድ ላይ ቀርበዋል።

ምድጃው ከየት መጣ? እንዴትስ ተሠራ?

«ላቀች» በሚል ስም የሚታወቀው የሸክላ ከሰል ምድጃ መነሻው ከሀገራችን ርቆ ይገኛል። በታይላንድ ባልዲ የሚመስል፣ ውስጡ በሸክላ የተሠራ ምድጃ ከቀድሞ ጀምሮ ነበር። በጎርጎርዮሳዊው 1980ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ ባለሙያዎች ይህንኑ አይተው ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ፣ ወገቡ ቀጠን ያለ ምድጃ ሠሩ። የኬንያውን አርአያ በመከተል የሀገራችን የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ድስትና ማብሰያ እንዲስማማ አድርገው አሻሻሉት፤ ከሌላው የላቀ ለማለትም «ላቀች» ተባለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በላይኛው ክፍል ከሰሉ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ሸክላ አለ፤ የሸክላው ወለል የተበሳሳ ነው። ከሥሩ አመድ የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ ይገኛል። በዚያ ጎን ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ የቆርቆሮ በር አለች። አየር በዚህች በር ገብቶ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ፍሙ ይወጣል።

የሸክላው ጥቅም ሙቀትን ይዞ ማቆየቱ ነው። በተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ፣ ማለትም በፈርኔሎ፣ ሙቀቱ በጎን እየወጣ ይባክናል። ሸክላ ግን ሙቀትን ቶሎ ስለማያሳልፍ ፍሙን ከቦ ሙቀቱን ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። በዚህም የተነሣ ላቀች ምድጃ ከቆርቆሮው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ አራት ጆንያ ይፈጅ የነበረ ማድ ቤት በሦስት ጆንያ ሊያድር ይችላል ማለት ነው። ለጎንደር ሰው የሸክላ ጠባይ እንግዳ አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ የምትገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት።

እሳትን የሚገዛው አየር ነው

ብዙ ሰው ሙቀት ሲያንሰው ከሰል ይጨምራል። ከሰል ግን የሚነደው ባገኘው አየር መጠን ነው። አየር ካልገባለት የተከመረው ከሰል ታፍኖ ይቀራል፤ አየር ከበዛለት ደግሞ ጥቂቱም ከሰል ቶሎ ነዶ ያልቃል። ስለዚህ ከሰሉ እሳቱ የሚቆይበትን ጊዜ፣ በሩ ደግሞ የእሳቱን ብርታት ይወስናሉ። በጃፓን «ካማዶ» ከሚባለው ምድጃ የተወለዱትና በውጭ ሀገር ሥጋ የሚጠበስባቸው ትልልቅ የሸክላ መጥበሻዎችም የሚገዙት ከላይና ከታች ባሉ የአየር ቀዳዳዎች ነው። በላቀች ምድጃ ላይ ድስቱ እንደ ክዳን ስለሚያገለግል ዋናው መቆጣጠሪያ የታችኛዋ በር ናት።

ይህ በደጋችን ልዩ ትርጉም አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደባርቅ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ እሳቱ ለመያዝ ይዘገያል፤ በሩም ሰፋ ተደርጎ መከፈት ይኖርበታል። በሌላ በኩል ውሃ በጎንደር በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ በደባርቅ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ እሳቱ ቢበረታበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ ወጡ እንደ ፈላ በሩን ገርበብ አድርጎ ድስቱን መክደን ከሰሉንም ውሃውንም ያተርፋል።

አቀጣጠሉ

አዲስ ምድጃ ሲገዛ በመጀመሪያው ቀን ብርቱ እሳት ሊነድበት አይገባም። ሸክላው የያዘው እርጥበት በድንገት ሲተን ስለሚሰነጥቀው፣ በጥቂት ፍም ቀስ በቀስ አሙቆ እንዲበርድ መተው፣ ይህንንም መደጋገም ያስፈልጋል።

በየዕለቱ ሲቀጣጠል አስቀድሞ አመዱ ይጠረጋል፤ የታፈነ ቀዳዳ ካለ ይከፈታል። ከሰሉ ደረቅና መጠኑ ተቀራራቢ፣ የዶሮ እንቁላል ያህል ቢሆን ይመረጣል። ዱቄቱ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ተነፍቶ ይወገዳል። ከሥር ጥቂት ደረቅ ጭራሮ ወይም የችቦ ስንጣሪ ይደረግና ከሰሉ በላዩ ላላ ተደርጎ ይደረደራል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እሳቱ ይለኮሳል። ላስቲክና ፌስታል ማንደድ መርዛማ ጭስ ያወጣል። በተያያዘ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍም ሰውን ለቃጠሎ ይዳርጋል።

ማቀጣጠሉ ዘወትር ከቤት ውጭ፣ ከነፋስ ከለል ባለ ስፍራ መሆን ይገባዋል። ጭሱ አልቆ የከሰሉ ጠርዝ በነጭ አመድ መሸፈን ሲጀምር ምድጃው ለማብሰል ዝግጁ ነው። ለጽናው የሚሆነውም ፍም በዚሁ ሥርዓት በደጅ ተያይዞ ሲያበቃ ወደ ውስጥ ቢገባ ካህናቱን ከጭስ ያድናል።

ሙቀቱን መመጠን

የፍምን ሙቀት ዓይን ሊያነበው ይችላል። ደብዘዝ ብሎ የቀላ ፍም 700 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ብርቱካን ቀለም የደረሰ ፍም 1,000 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። መዳፍን ከፍሙ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ በመቁጠርም መለካት ይቻላል። እጅ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይችለው ከሆነ እሳቱ ብርቱ ነው። አምስት ሰከንድ ያህል ከቻለ መካከለኛ፣ ሰባትና ስምንት ከቻለ ለስላሳ ነው።

ጥብስና ውሃ ማፍላት ብርቱ እሳት ስለሚሹ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ቁሌትና ቡና መቁላት በመካከለኛ እሳት ይሆናሉ፤ በሩ እስከ ግማሽ ይዘጋል። ሽሮና ወጥ ለመንተክተክ፣ ከአቦል በኋላ ለቶናና ለበረካ ጀበናውን ለማቆየት ግን በሩ የጣት ስፋት ያህል ብቻ ቢከፈት በቂ ነው።

ሸክላ ከቆርቆሮ የሚለይበትን አንድ ጠባይ ማስታወስ ይገባል፤ ዘግይቶ ይግላል፣ ዘግይቶም ይበርዳል። በሩ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ሙቀቱ ወዲያው አይወርድም። ስለዚህ በሩን የሚገዛ ሰው ቀደም ማለት አለበት፤ ወጡ ገንፍሎ ሳይሆን ሊፈላ ሲቃረብ በሩን ይቀንሳል። ከሰሉም የድስቱን ቂጥ እስኪነካ ድረስ መሞላት የለበትም። በመካከላቸው ክፍት ቦታ ከሌለ አየሩ መውጫ ያጣል፤ እሳቱም ይታፈናል።

ሥራው ሲያበቃ በጋለ ሸክላ ላይ ውሃ ማፍሰስ ምድጃውን ይሰነጥቀዋል። የተሻለው መንገድ የተረፈውን ፍም በመቆንጠጫ እያነሡ ጥብቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ መጨመርና ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ነው። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ በማግስቱም በቀላሉ ይያያዛል። ሆኖም ፈጽሞ ሳይበርድ ወደ ጆንያ መመለስ የለበትም፤ የተደበቀች አንዲት ፍም ጆንያውንም ቤቱንም ልታቃጥል ትችላለችና።

የቤቱ በር

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ የምድጃውን በር ስለ መዝጋት ነው። የቤቱ በር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይንን አያቃጥልም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን 200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ ጥቂቱ እንኳ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በአየር እጥረት የሚነድ ፍም ደግሞ ይህን ጋዝ ይበልጥ ያመነጫል። ስለዚህ ከሰል ለመቆጠብ የምድጃው በር ሲዘጋ፣ ወይም ፍሙ ለነገ እንዲያድር በአመድ ሲዳፈን፣ አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«ጭሱ ካለቀ ፍሙ አይጎዳም» የሚለው አባባል የብዙዎችን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ስሕተት ነው። ያለቀው የሚታየው ጭስ ነው፤ የማይታየው ጋዝ ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ይወጣል። በሳህን ውሃ ማስቀመጥም ሆነ ዕጣን ማጨስ አያስወግደውም። ቀድሞ የሣር ክዳን ባለው ጎጆ አየር በክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ እንደ ልብ ይመላለስ ነበር። ዛሬ ግን ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ጣሪያው በኮርኒስ ተሸፍኖ፣ በሩ በላሜራ ሲገጠም ጋዙ መውጫ ያጣል። አያቶቻችን ያለ ጉዳት ያደርጉት የነበረው ልማድ በአዲሱ ቤት የሚገድለው ስለዚህ ነው።

የመመረዙ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና የሐሳብ መደናገር ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው በቅድሚያ ምድጃውን መጠርጠር ይገባል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሻገር ይችላል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና በማኅፀን ያሉ ፅንሶች ይበልጥ ይጎዳሉ። አደጋው ሲደርስ በርና መስኮት ከፍቶ ሰውየውን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ምድጃውንም ማውጣት፣ ከዚያም ኦክስጅን ወደሚሰጥበት የጤና ተቋም ማድረስ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ መስጠት አይገባም፤ ሊያንቀው ይችላልና።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህ ጉዳይ ለማድ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። በየአጥቢያው ሌሊቱን በቅጥሩ የሚያድሩ ጥበቃዎች፣ በዕቃ ቤትና በቤተ ልሔም አካባቢ የሚያርፉ ዲያቆናት፣ በትንንሽ ጎጆዎች የሚኖሩ የአብነት ተማሪዎች አሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በራቸውን ዘግተው ፍም አቅፈው የሚያድሩት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ሕይወትንም ሀብትንም ያድናሉ።

1. ሰው በሚተኛበት ክፍል ፍም እንዳያድር የአጥቢያው ሥርዓት አድርጎ መወሰን። ክፍሉን ማሞቅ ካስፈለገ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ይሁን፤ ከመኝታ በፊትም ምድጃው ይውጣ። ለጥበቃዎችና ለተማሪዎች በምድጃው ፈንታ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ማሰናዳት።

2. ለሰንበቴ ቤትና ለበዓል ማድ ቤት የሸክላ ምድጃ መግዛት። ሲገዛ ሸክላው አለመሰንጠቁን፣ ከቆርቆሮው ጋር በሚገባ መያያዙን፣ በሩም ተከፍቶ የሚዘጋ መሆኑን ማረጋገጥ።

3. ማድ ቤቱ ከላይና ከታች የአየር መውጫና መግቢያ እንዲኖረው ማድረግ፤ ፍም ማጥፊያ የሚሆን ክዳን ያለው የብረት ዕቃም ማዘጋጀት።

4. የሚገዛውን ከሰል ምንጭ መጠየቅ። በተለመደው የአፈር ቁልል አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ራሳቸው ከተከሉት የአካሽያ ዲከረንስ ዛፍ ከሰል ያመርታሉ። እንዲህ ያለው ከሰል ከወይራና ከጥንት ግራር ከተከሰለው ይመረጣል፤ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተረፈውንም ደን ከመጥረቢያ ያሳርፋል።

5. ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ፣ እንዲሁም ክረምቱ ሲገባ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ስለ ከሰል አደጋ አጭር ማሳሰቢያ መስጠት። ምእመናን ከካህን አንደበት የሰሙትን በቤታቸው ይጠብቁታል።

የማሳሰቢያው ቃል ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «የምድጃችሁን በር እንደ ሥራችሁ ክፈቱ፣ ዝጉም፤ ፍም ባለበት ቤት ግን የቤታችሁን በር አትዝጉ፤ ከፍም ጋርም አትተኙ» ቢባል በቂ ነው።