የኒኮሲያ አይሮፕላን ማረፊያ ስለ ምን ተዘጋ?



አንድ የአይሮፕላን ማረፊያ በጦርነት ምክንያት ተዘጋ ሲባል፣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው በቦምብ የተቆፈረ ሜዳና የፈረሰ ግንብ ነው። እርግጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥፋት ይደርሳል። ነገር ግን የተቆፈረ ሜዳ በገንዘብና በጉልበት ይጠገናል። አንድን ማረፊያ ከኀምሳ ዓመት በላይ ዘግቶ የሚያኖረው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይህንንም ለመረዳት ወደ ቆጵሮስ ደሴት ዋና ከተማ ወደ ኒኮሲያ መመልከት ይበቃል። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ማረፊያ በእንግሊዝ ግዛት ዘመን የጦር አይሮፕላኖች ሜዳም ነበረ። ደሴቲቱ በ1960 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፣ በ1968 አዲስ የመንገደኞች ሕንፃ ተሠርቶ ተከፈተ። ሕንፃው ያገለገለው ግን ስድስት ዓመት ብቻ ነው። በጁላይ 15 ቀን 1974 በአቴና የነበረው ወታደራዊ መንግሥት በደገፈው ግልበጣ ፕሬዚዳንቱ ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስ ከሥልጣን ተወገዱ፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ የቱርክ ጦር በደሴቲቱ ሰሜን ወረደ። ማረፊያው ተደበደበ፤ ቆመው የነበሩ አይሮፕላኖችም ተበላሹ። ቦታው የጦርነት ሜዳ በሆነ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በመካከል ገብቶ በራሱ ጥበቃ ሥር አደረገው፤ እስከ ዛሬም በእጁ ነው።

ታዲያ ጦርነቱ ከቆመ በኋላ ስለ ምን አልተከፈተም? መልሱ የሚገኘው በ1944 በቺካጎ በተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ የውጭ አገር አይሮፕላን በየትኛው ሜዳ እንደሚያርፍ የሚወስነውም እርሱ ነው። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ አንድ ደብዳቤ ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ የባለሥልጣን ፊርማና ማኅተም ከሌለው ወረቀት ነው። የአይሮፕላን ሜዳም እንዲሁ ነው። በኒኮሲያ ፈራሚው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ገና አልተፈታም።

ከዚህም የተነሣ የደቡቡ ወገን በ1975 መጀመሪያ በላርናካ ሌላ ማረፊያ ከፈተ። የሰሜኑ ወገን ኤርጃን በተባለው ሜዳ ይጠቀማል፤ ነገር ግን የቆጵሮስ ሪፑብሊክ ይህን ሜዳ ስላልፈቀደና በሰሜን የቆመውን አስተዳደር ከቱርክ በቀር የሚያውቀው መንግሥት ስለሌለ፣ ከለንደን ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ በቱርክ አገር ማረፍ አለበት። በ2023 በኤርጃን ታላቅ ሕንፃ ተመርቋል። ሕንፃው ግን ይህን ሁኔታ አልለወጠውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሰማዩ ነገር ነው። ከደሴቲቱ በስተ ሰሜን ያለውን አየር እንዲቆጣጠር በዓለም አቀፍ ሥርዓት የተመደበው የኒኮሲያ ማዕከል ነው። የኤርጃን ተቆጣጣሪዎችም በዚያው አየር ላይ በሬዲዮ ትእዛዝ ይሰጣሉ። እንግዲህ ከቱርክ በኩል የሚመጣ አብራሪ፣ በአንድ ሰማይ ላይ ሁለት ባለሥልጣን ይሰማል ማለት ነው። የሁለቱ ትእዛዝ ባይገጥም ምን ሊደርስ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ቡናውን እየጠጣ ይሄዳል።

በአሮጌው ማረፊያ ውስጥ ዛሬም የመንገደኞቹ ወንበሮች አቧራ ለብሰው ይታያሉ። በሜዳው ላይ የቆጵሮስ አየር መንገድ የነበረ አንድ ትራይደንት አይሮፕላን ሞተር የሌለው ገላው ቀርቷል። በ1977 በልዩ ፈቃድ ከዚያ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝ አገር የበረረ አንድ ጓደኛው በደክስፎርድ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ሆኖም ቦታው ሥራ ፈት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ዋና ሠፈር በዚያ ነው፤ የሁለቱ ወገን መሪዎችም ለድርድር የተገናኙበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1963 እና በ1964፣ ኋላም በ1974 ደብዛቸው ከጠፋ 2,002 ሰዎች መካከል በየጕድጓዱ የተገኙት አፅሞች የሚመረመሩት በዚሁ ክልል ነው። በምርመራው ላይ የግሪክና የቱርክ ወገን ባለሙያዎች አብረው ይሠራሉ፤ እስካሁን ከአንድ ሺህ የሚበልጡት ማንነታቸው ታውቆ ለየቤተሰባቸው ተሰጥተዋል። ቤተሰቦቹም የአባታቸውን ወይም የወንድማቸውን አፅም ለማየት የሚጠሩት በዚሁ በቀድሞው የአይሮፕላን ሜዳ ነው።