አየር ላይ ግጭት እንዴት ይከለከላል? የቲካስ ሥራና ወሰኑ

ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ እንዳይጋጩ በመጀመሪያ የሚጠብቃቸው መሬት ላይ ያለው የበረራ ተቆጣጣሪ ነው። ለእያንዳንዳቸው ከፍታ ይመድባል፤ መስመራቸው ሲገናኝ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ያሳልፋል። በረጅም በረራ ከፍታ ላይ በሁለቱ መካከል የሚፈቀደው ትንሹ ልዩነት ቀድሞ 2,000 ጫማ ነበር። አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2008 ወዲህ ወደ 1,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች ደግሞ በየሰከንዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። ስለዚህ ተቆጣጣሪው አንድ ቁጥር ቢሳሳት ወይም አብራሪው የተነገረውን አጣርቶ ባይሰማ፣ በዓይን አይቶ ለመሸሽ የሚተርፍ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ቲካስ የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ቲካስ በዙሪያው ወዳሉ አውሮፕላኖች ያለማቋረጥ የሬዲዮ ጥያቄ ይልካል። የሌላው አውሮፕላን ትራንስፖንደር፣ ማለትም ለሬዲዮ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ፣ ከፍታውን ጨምሮ ይመልስለታል፤ መልሱ ለመድረስ ከወሰደው ጊዜም ርቀቱ ይታወቃል። መሣሪያውን የሚያሳስበው ግን ርቀቱ ብቻ ሳይሆን እስኪገናኙ የቀረው ጊዜ ነው። እንደ ከፍታው ሁኔታ ከ20 እስከ 48 ሰከንድ ሲቀር «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ይላል። በዚህ ጊዜ አብራሪዎቹ ይዘጋጃሉ እንጂ መስመር አይለውጡም። ከ15 እስከ 35 ሰከንድ ሲቀር ትእዛዙ ይመጣል፦ ውጣ ወይም ውረድ። ሁለቱም አውሮፕላኖች መሣሪያው ካላቸው መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አንዱ አብራሪውን ውጣ ካለው ሌላው የራሱን ውረድ ይለዋል። አብራሪው በ5 ሰከንድ ውስጥ መታዘዝ አለበት። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚል ትእዛዝ የለም፤ አንቴናው የሌላውን አቅጣጫ በሚያስተማምን ልክ ስለማይለይ መሣሪያው የሚመካው በከፍታ ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪው ውረድ ቢል፣ ቲካስ ደግሞ ውጣ ቢልስ? ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት ደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን አካባቢ አንድ የሩሲያ ቱ-154 እና አንድ የዲኤችኤል ጭነት አውሮፕላን ሁለቱም በ36,000 ጫማ ላይ እየበረሩ ይቀራረቡ ነበር። ዙሪክ ላይ ብቻውን ሁለት ጠረጴዛ ይዞ የሚሠራው ተቆጣጣሪ ዘግይቶ ስላየ ሩሲያዊውን ውረድ አለው። ቲካስ ግን ሩሲያዊውን ውጣ፣ የዲኤችኤሉን ውረድ አለ። ሩሲያውያኑ ሰውየውን ሰሙ፤ እነዚያኛዎቹ መሣሪያውን ሰሙ፤ ሁለቱም ወረዱና ተጋጩ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንቡን የማያሻማ አደረገው፦ ትእዛዞቹ ሲቃረኑ አብራሪው የሚከተለው ቲካስን ነው።

ይህ ደንብ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ በኋላ የሞቃዲሾና የሐርጌሳ ውዝግብ ወደ ሰማይም ወጣ። በዓለም አቀፍ አሠራር የበረራ ክልሉን የሚቆጣጠረው ሞቃዲሾ ሲሆን፣ ሶማሌላንድ በላይዋ ያለውን ሰማይ የራሴ ነው ትላለች። አብራሪዎች በሬዲዮ እርስ በርስ የሚጣረስ ትእዛዝ እየሰሙ መሆኑ ተዘገበ። ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 602 እና ከዶሃ ወደ ኢንቴቤ የሚሄድ የኳታር አየር መንገድ አውሮፕላን በዚሁ ሰማይ ላይ በአደገኛ ሁኔታ ተቀራረቡ። የሶማሌላንድ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ጥፋቱ የሞቃዲሾ ተቆጣጣሪ የተሳሳተ ትእዛዝ ነው አለ፤ ከግጭት የተረፉት አውሮፕላኖቹ ላይ ባለው ማስጠንቀቂያ እንደሆነም ተዘገበ። የሰማዩ ባለቤት ማንም ይሁን፣ መንገደኛ የጫነ አብራሪ በሬዲዮ የትኛውን ድምፅ እንደሚያምን መጠራጠር አልነበረበትም። ቲካስ ወገን የለውም፤ የሚያውቀው ሁለት ከፍታና የቀረውን ሰከንድ ብቻ ነው።

ሆኖም መሣሪያው የሚያየው የሚመልስለትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብራዚል ላይ የአንድ ትንሽ ጄት ትራንስፖንደር ሥራ አቁሞ ስለነበር ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ከጎል አየር መንገድ ቦይንግ ጋር ተጋጭቶ 154 ሰዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሴኔጋል ሰማይ ላይ 7 ሰዎች የያዘ አምቡላንስ ጄት ከአንድ ቦይንግ ጋር ተጋጭቶ ጠፋ፤ የጄቱ የከፍታ መለኪያ ችግር ነበረበት። ከፍታው በሐሰት ከተነገረው ቲካስም በሐሰቱ ያሰላል። ወፍ ደግሞ ጭራሽ አይመልስም፦ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ ሲወድቅ 35 ሰዎች ሞተዋል።

ተራራም አይመልስም። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን በአቅራቢያው ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሰማይ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ይልቅ መሬቱ ራሱ ያሰጋል። ስለዚህ ለመሬት ሌላ መሣሪያ አለ፤ የአካባቢውን የመሬት አቀማመጥ ካርታ ይዞ አውሮፕላኑ ወደ ገደል ሲጠጋ ይጮኻል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጮኹ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመሬቱ ነው፤ ቲካስም ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ በታች ሲሆን ውጣ ውረድ ማለቱን ይተዋል።

ተሳፋሪ ቲካስን አይሰማውም፤ የሚሰማው ድንገተኛ መውጣት ወይም መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2001 ጃፓን ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ለጥቂት ሲተላለፉ ከመቀመጫቸው ተፈናጥረው የተጎዱት 100 ያህል ሰዎች ነበሩ። የቀበቶው መብራት ቢጠፋም ቀበቶ አይፈታ።